ፌንጣና ሁለተኛው ወንበር

ሰው የሚኮራበት አያጣም። አንዱ በበቅሎው ይኮራል፣ አንዱ በልጁ ዲግሪ፣ አንዱ በአጥሩ ቆርቆሮ። የቢቸና ሰው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በጤፉ ነው የሚኮራው፤ ሌላውን ትዕቢቱን ለእንግዳ ነው የሚያወጣው። እኔ የምኮራበትን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። ብትስቁም ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ። እኔ አውሮፕላን አለኝ።

አዎ፣ አውሮፕላን። «ምስኪን፣ ጡረታው አዙሮበት ነው» ብላችሁ ከንፈር አትምጠጡ። ክንፍ ያላት፣ ሞተር ያላት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ ደርባባ አውሮፕላን ናት። ዕድሜዬን ቆላ ወርጄ፣ በጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ሳበርር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ እኩዮቼ ቤት ሲሠሩ እኔ እሷን ገዛሁ። አሮጌ ናት፤ ከእኔ ግን ታንሳለች። መጀመሪያ ቢቸና የገባችው በርራ እንዳይመስላችሁ። ክንፏ ተነቅሎ፣ ሸራ ለብሳ፣ በአይሱዙ ተጭና ነው የመጣችው፤ ያያት ሁሉ የወፍጮ ዕቃ መስላው ነበር። ፈቃዷ ወጥቶ፣ ክንፏ ተገጥሞ፣ ከከተማው ወጣ ካለው ሜዳ ዘልላ የተነሳች ዕለት ግን የቢቸና ሰው ስም አወጣላት። ፌንጣ።

የፌንጣ ትልቁ ጸጋዋ ምን መሰላችሁ? ሆዷ ነው። ቤንዚን አትጠጣም፤ ትልሳለች። አንድ ፒክአፕ በዚያ ኮረኮንች እየተንገጫገጨ ሞጣ ደርሶ ለመመለስ የሚጨርሰውን ቤንዚን ለእሷ ብትሰጧት፣ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ የነገውንም ታስተርፋለች። ያውም ሌላ ሌላ የተቀመመ ነዳጅ አምጡልኝ አትልም፤ ባጃጅ የሚቀምሰው ይበቃታል። ችግሩ ባጃጁ ያለበት ሰልፍ ላይ መቆም ነው። የመጀመሪያ ቀን ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ስቀርብ ቀጂዋ ልጅ ቀና ብላም አላየችኝ።

«በጀሪካን አይቀዳም!»

«ለአውሮፕላን ነው፣ ልጄ።»

«ለምንም ይሁን። ራሱ ካልመጣ አንቀዳም።»

«ላምጣት?»

ዞር ብላ ሰልፉን አየችው። «ካመጧትም ከባጃጆቹ ኋላ ትቁም» አለችኝ።

በኋላ ፈቃድ አምጥቼ ተግባብተናል። እንዲያውም ዛሬ ዛሬ «ፌንጣ እንዴት ናት?» ሳትለኝ አትቀዳም።

አሁን ደግሞ ደስታውን ልንገራችሁ። ጠዋት፣ አየሩ ገና ሳይሞቅ፣ ከቢቸና ስትነሱ መጀመሪያ ትንሽ ታንገራግራለች። አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ እሷም ከመነሳቷ በፊት ረዘም ያለ ሜዳ ትፈልጋለች። ከተነሳች በኋላ ግን! በግራችሁ ጮቄ ጉሙን ደርቦ ቁጭ ብሏል። በቀኛችሁ የዓባይ በረሃ አፉን ከፍቷል። ከሥራችሁ ማሳው እንደ ተጣጣፈ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በየጉብታው ዛፋቸውን ተከናንበው... እናንተ ደግሞ ሽሮ ተጥዶ እስኪንተከተክ ሞጣ ናችሁ። አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያ ለመውጣት ተሳፋሪ እየጠራ ነው። እንዲህ ባለ ጠዋት ብቻዬን ጮክ ብዬ የዘፈንኩበት ጊዜ አለ። ማን ይሰማኛል?

ሁለተኛው ወንበር ግን ጣጣ አለው። እኛ አገር ባዶ ወንበር አይወደድም። ፌንጣ ከመጣች ወዲህ ከቢቸና እስከ ሞጣ ዘመድ በዛልኝ፤ ያልተሳፈረ የለም። ባለቤቴ ይታይሽ ብቻ እምቢ አለች። «እኔ ሰማይ የምሄደው ስጠራ ነው» ትለኛለች። ስነሳ ሜዳው ዳር ቆማ ታማትባለች፤ እስክመለስ እህል ባፏ አይዞርም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ።

አማርኛችን ጥልቅ ነው እያልን እንኮራለን። ጥልቅ ውኃ ሰው እንደሚያሰጥም ግን አናስብም። «አረፈ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ሥራ የደከመው ያርፋል። እንግዳ ዘመድ ቤት ያርፋል። አሞራ ዛፍ ላይ ያርፋል። አውሮፕላን ያርፋል። ሰውም፣ እግዜር በቃህ ሲለው፣ ያርፋል።

አንድ ቀን ሞጣ ወረድኩ። እዚያ ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ አለኝ፤ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ሞጣን ያለበሰ ቤተሰብ ልጅ፣ ጨዋ ሰው ነው። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበርና «እባክህ ሰይድ፣ ቤት ደውልና በደህና መድረሴን ንገርልኝ» አልኩት። ሰይድ ለሽማግሌ ሰው ሚስት ሲደውል ቃሉን ይመርጣል።

«ሄሎ፣ እትዬ ይታይሽ፣ ሰይድ ነኝ ከሞጣ። ጋሽ ይልቃል አሁን እዚህ ሞጣ አርፈዋል። አይዞዎት፣ አያስቡ፣ እኛ አለንላቸው።»

እዚህ ላይ ኔትዎርኩ ተቆረጠ። ኔትዎርክ መቼ መቆረጥ እንዳለበት ያውቃል።

«ነገርካት?» አልኩት።

«ነገርኳቸው። ደስ ብሏቸው መሰለኝ፣ እልል ማለት ሲጀምሩ ተቆረጠ» አለኝ።

እኔ እንግዲህ ሰይድ ሱቅ ተቀምጬ፣ ወሬዬን ጠግቤ፣ ከሰዓት በኋላ ተነሳሁ። ቢቸና ስቃረብ ከላይ ሳይ ሰዉ ወደ ሜዳው ይጎርፋል። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ከቤቴ ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። «ይኼ ሁሉ ሰው! ምን በዓል ተገኘ?» አልኩ። ደስ አለኝና ክንፌን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጌ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ሰዉ የባሰ ጮኸ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ፌንጣ ብቅ ስትል «ሬሳው መጣ!» ተብሎ ነው ያ ሁሉ ሰው የወጣው። እያለቀሱ እየሮጡ ሳሉ ጎረቤቴ አቶ ስሜነህ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና «ቆይ እስቲ፣ ሬሳውን ማን እየነዳው ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። በዚያ ቀን በቢቸና የማሰብ ሥራ የሠራው እሱ ብቻ ነበር።

በሩን ከፍቼ ስወርድ ሜዳው እርጭ አለ። ከዚያ ፊት ቆማ የነበረችው ሙሾ አውራጅ በጩኸቷ መሐል እልልታ ጀመረች፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ትንሽ ጊዜ ፈጅቶባታል። ሰው እየተሻማ ሳመኝ። የእድሩ ዳኛ «እንግዲህ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ምን ይሁን?» ሲል «ይበላ!» ተባለ። በዓለም ላይ የራሱን ለቅሶ ንፍሮ የቆረጠመ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ጨው ትንሽ አንሶታል።

ይታይሽ ግን አልሳቀችም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፤ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን፣ እንደ ዓይነ ስውር። ፊቷ ላይ የጥፍሯ ሰምበር ነበር። ከዚያ ቤት ገባች። በማግሥቱ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ይልቃል፣ እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ» አለችኝ። «ሁለተኛ አልቀብርህም። ወይ እሷን ሽጣት፣ ወይ እኔ እናቴ ዘንድ ነኝ።»

የሞጣን አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

እየሳቅሁ የማወራላችሁ አሁን ነው። ያኔ አልሳቅሁም። ፌንጣን ሊገዛ የሚችል ሰው ማፈላለግም ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ሜዳው ላይ እንደቆመች ውስጧ ገብቼ ቁጭ አልኩ። እኔ ተቀምጬበት እያለሁ ሁለቱም ወንበር ባዶ መሰለኝ። ከመሸጤ በፊት ግን አንድ ነገር ልሞክር አልኩና ሽማግሌ ፈለግሁ።

ሽማግሌ በእኛ ደንብ ሦስት ነው። ፌንጣ ግን አንድ ብቻ ነው የምትይዘው። ሦስቱን በአውቶቡስ ልላክ ብል ደግሞ ሁለቱ ወገባቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ በአንድ ራስ የሦስት ሰው ምላስ ያላቸውን የቅኔ መምህር መሪጌታ ሐዲስን መረጥኩ። እሳቸውም ሞጣ እስክንደርስ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ከንፈራቸው ግን አላረፈም።

አማቴ እማማ ብርቄ ሞጣ ውስጥ በእህል ንግድ የታወቁ፣ ሲናገሩ ሚዛን የሚያነሱ የሚመስሉ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ወደ ኋላችን አዩ።

«ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለቱ የት አሉ?»

«ወንበር አልነበረም፣ እማማ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ገብተን ተቀመጥን። ይታይሽ ጓዳ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እመት ብርቄ፣ ልጅዎን ማን ብለው ነው ስም ያወጡላት? ይታይሽ። ይህ ሰው ደግሞ ለቢቸና ሰው ሁሉ አገሩን ከላይ ሲያሳይ፣ ለይታይሽ ብቻ ምንም አልታያት። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ካሣውም እዚያው ስሟ ውስጥ ነው፤ ይታያት።»

ከጓዳ ትንሽ ሳል ተሰማ። እማማ ብርቄ ግን በቅኔ የሚገዙ አይደሉም።

«እኔ ያላየሁትን እህል ዋጋ አልቆርጥም፣ የኔታ። ያላየሁትንም ነገር አልፈርድም። ተነስ አንተ፣ ውሰደኝ!»

እኔ ባገባሁ ዘመን ሁሉ በአማቴ ፊት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። ቀና ብዬም አላያቸውም። አሁን ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ልንቀመጥ ነው። ይባስ ብሎ ቀበቷቸውን የማስረው እኔ ነኝ! ማሰሪያውን ሁለቴ ስስተው መሪጌታ ስለ እኔ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። የሞጣ ሰው ሜዳውን ሞላው። ይታይሽ እየሮጠች መጥታ «እማዬ፣ ውረጂ! ማርያምን ውረጂ!» እያለች ስትጮህ፣ እሳቸው በመስኮቱ እጃቸውን ወደ ፊት አመለከቱ። ተነሳን።

መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደረቁ። ወደ ደቡብ መራሁ፤ ብዙም ሳንርቅ ከገደሉ አፋፍ ጠጋ ብሎ የቆርቆሮ ጣሪያ አብለጨለጨ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ጉንደ ወይን ነው፣ እማማ።»

«የትኛው ጉንደ ወይን?»

«እህትዎ ያሉበት።»

ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። ከእህታቸው ከእትዬ ላቀች ጋር ከተያዩ ስንት ዘመን አልፏል፤ መንገዱ ወገባቸውን እየሰበረው ቀርተው ነበር። ዝቅ ብዬ አንድ ጊዜ ዞርኩ። ከአንዱ ግቢ አንዲት ሴት ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየች። እሷ ትሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቅ። እማማ ብርቄ ግን መስታወቱን በመዳፋቸው እየደበደቡ «ላቄ! ላቄ ነይ እዚህ ነኝ!» ብለው ተጣሩ። ያቺ ብረት የመሰለች ሴት እንባዋ ወረደ።

«እግዚኦ» አሉኝ ስንመለስ። «አገሩስ ቅርብ ኖሯል። መንገዱ ነው የሚርቀው።»

ሞጣ እንደወረድን ይታይሽ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እማማ ብርቄ ቀስ ብለው አላቀቋትና ፍርዳቸውን በሕዝብ ፊት ሰጡ።

«ልጄ፣ ከሰውዬው ጋር ታረቂ።»

«እማዬ! ለእኔ አዝነሽ ነው ወይስ...?»

«ለአንቺማ አዝኛለሁ። ግን ብትጣሉ እኔን ማን ጉንደ ወይን ያደርሰኛል?»

ሰዉ በሳቅ አለቀሰ። ይታይሽ አልሳቀችም። ፌንጣን ዙሪያዋን ዞረች፤ ክንፏን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ከዚያ በሩን ከፍታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም መሪጌታ ሐዲስ ከኋላዬ በትራቸውን ተደግፈው ያንኑ ወንበር ያያሉ።

«ይቅርታ የኔታ፣ እርስዎ እንግዲህ በአውቶቡስ...»

«ግዴለም» አሉ ፂማቸውን እያሻሹ። «የአስታራቂ ዋጋው በሰማይ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። የእኔ ግን እንዳየሁት ሰማዩ ላይ ወንበሩ ተይዟል።»

ይታይሽ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ ነበር የተነሳችው። ደብረ ወርቅ ጋ ስንደርስ ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ አንዴ ወደ ጮቄ፣ አንዴ ወደ ዓባይ... እኔ እሷን እያየሁ አቅጣጫ ልስት ነበር።  ቢቸና ሜዳው ላይ ወርደን ሞተሩን አጠፋሁ።  አሁን ትወርድና ዳግመኛ አትነካትም፣ ወይም ታለቅሳለች፣ ወይም ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀበቶዋን አልፈታችም። ወደ ፊት እንዳየች፦

«ለመሆኑ እስከ ባሕር ዳር ስንት ሊትር ትፈጃለች?» አለችኝ።

መልሱን በቃሌ ነበር የማውቀው። ግን ወዲያው አልመለስኩላትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ ተመልሶ ካለቀ ያስቆጫል፤ ትንሽ ጆሮዬ ውስጥ ይቆይልኝ ብዬ ነው።