የእንክብል ጨው ይዤ አሊዩ አምባ

ዘንድሮ ጨውም ኪኒን ሆኗል፤ ሰምታችኋል? እንደ ራስ ምታት መድኃኒት በብልቃጥ ታሽጎ ይሸጣል። ያሳየኝ ደብረ ብርሃን ላይ ሯጮች የሚያሠለጥነው የእህቴ ልጅ ዳዊት ነው። ከአንኮበር አሊዩ አምባ በእግሬ ልወርድ መሆኑን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ብልቃጡን ሰጠኝና ምክሩን ያዥጎደጉደው ጀመር። ለሰዓታት ያላላበው ሰው አይነካውም፤ በባዶ ሆድም አይሆንም፤ ሳይላስና ሳይታኘክ በብዙ ውኃ ይዋጣል አለኝ። ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰውማ ሐኪም ሳያዝለት እንዳይቀምሰው አስጠነቀቀኝ። እኔ እቴ! ግፊቴ የጎረምሳ ነው። ምክሩን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

መኪና ጠፍቶ ነው ወይ በእግርህ የምትወርደው? ትሉ ይሆናል። መኪናማ ሞልቷል። እኔ ግን ያንን ቁልቁለት የማውቀው የአባቴን በቅሎ ተከትዬ ነው። አባቴ ገብስ ጭኖ ይወርዳል፤ ከታች የወዳጄ የሰይድ አባት አሞሌ ጨው ይዘው ይጠብቁታል። ሰላምታው እንዳለቀ እሳቸው ከኪሳቸው የአሞሌ ስባሪ ያወጣሉ። አባቴ አንዴ ይልስና ይመልስላቸዋል፤ እሳቸውም ይልሳሉ። ገበያው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እምቢ ማለትማ ጠብ መፈለግ ነው። እኔና ሰይድም ከጎናቸው ቆመን የኛኑ ጠጠር እንቀባበል ነበር። ወይ ጊዜ! ሁለቱም አባቶች ዛሬ የሉም።

እናም ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ወረድኩ። ጉልበቴ ሰደበኝ፤ ሸሚዜ በላብ ራሰ። ሰይድ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ፤ ተቃቅፈን ተላቀስን። ታዲያ ባዶ እጄን ልገናኘው? ብልቃጡን ከፍቼ አንድ እንክብል ሰጠሁትና «ያባቶቻችን ወግ አይቅር» አልኩት። ሰይድ እንባውን እየጠረገ «ቢስሚላህ» ብሎ ጉንጩ ውስጥ ወተፋት።

ይኼኔ ባለቤቱ ዘይነባ ውኃ በጆግ ይዛ ብቅ አለች። ምን እንደሚልስ ጠየቀችኝ፤ ጨው ነው አልኳት። ጆጉ ከእጇ ሊያመልጥ!

«ኧረ ጋሼ! በግፊት ሆስፒታል ከርሞ ገና መውጣቱ እኮ ነው!»

የዳዊት ምክር በወጣበት ጆሮ ተመልሶ ገባ። ትፋው አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች። ወዳጄን በገዛ እጄ ልገድለው ነው ብዬ ላቤ ደረቀ።

«የወዳጅ ጨው ይተፋል እንዴ? ወላሂ ያባቴ አጥንት ይወቅሰኛል!» አለ፣ ጉንጩ እንዳበጠ።

እንግዲህ በወግ የመጣን ሰው በወግ ካልሆነ በምን ትመልሱታላችሁ? እጄን ዘረጋሁና «ማን ትፋው አለህ? መልስልኝ ነው የምልህ! አንዴ ልሰሃል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አልኩት።

ሰይድ አሰበ። ነገሩ ልክ ሆነበት። እንክብሏን ከጉንጩ አውጥቶ፣ እርጥብ እንደሆነች፣ መዳፌ ላይ በክብር አኖራት። ባልና ሚስት አፍ አፌን ያዩኛል። ምን አባቴ ላድርግ? ተራዬ ነው ብያለሁ። ጆጉን ተቀብዬ በውኃ ዋጥኳት። ሰይድ አፉን ተጉመጠመጠና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ወዳጅ የሚወደደው ሲያጎርሱት ነው ይባላል። እኔ ግን ወዳጄን ያተረፍኩት ከአፉ ነጥቄ ነው።