ሳይጨርሱ የሚመልስ ሳጥን

ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንደ መጠበቅ ያለ ከባድ ሥራ ያለ አይመስለኝም። ድንጋይ መፍለጥ ይቀላል፤ ቢያንስ የድንጋዩን ንግግር እኔ ልጨርስለት አትልም። ጓደኛህ «ትናንት ታክሲ ውስጥ…» ብሎ ሲጀምር አንተ ስልኩን አሰርቀኸው፣ አዝነህለት፣ አዲስ የሚገዛበትን ሱቅ ጠቁመኸው ጨርሰሃል። ሰውዬው ሊነግርህ የነበረው የድሮ አስተማሪውን ማግኘቱን ነው።

እኔ ግን ከዚህ ጉድለት ነጻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሙያዬ ምስክሬ ነው። ስክሪን ላይ ስምህን የምትሞላበትን ነጭ ሳጥን ታውቀዋለህ አይደል? እዚያ ውስጥ አንዲት ፊደል በገባች ወይም በጠፋች ቁጥር ኮምፒውተሩ «ተነካ» እያለ ያሳብቃል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድሞ የሚጽፈው እኔ ነኝ። የማዳመጥ ባለሙያ በለኝ።

መቀሌ ለሥራ መጥቼ ሰላም የምትባል ልጅ ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኣቦይ ሐጎስ ሓወልቲ አካባቢ የሾፌሮች ማሠልጠኛ ያስተዳድራሉ፤ እሷም እዚያው ቢሮ ትሠራለች። እሳቸው እንደ ወጉ «እንመካከርበት፣ እሑድ ተመለሱ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እሑድን ይጠብቃል። እኔ የሠልጣኞች መመዝገቢያ ፕሮግራም በነጻ ሠርቼ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ተገኘሁ።

ኣቦይ መነጽራቸውን አስተካክለው በአንዲት ጣት «ገብረሕይወት» ብለው ሊጽፉ ጀመሩ። እንደምታውቀው በኮምፒውተር «ገ» በአንድ ጊዜ አትመጣም፤ መጀመሪያ «ግ» ትሆናለች፣ አናባቢዋ ስትከተል ነው «ገ» የምትሆነው። ፊደላችን ራሱ ተንደርድሮ ነው የሚናገረው። የእኔ ፕሮግራም ግን ገና «ግ»ን ሲያይ በቀይ ጽሑፍ «ስሙ አልተሟላም!» አለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ኣቦይ ጣታቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሳቡ።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ገና አፌን ስከፍት እኮ ነው የመለሰልኝ።»

«ንቁ ስለሆነ ነው፣ ኣቦይ» አልኩ በኩራት።

«ንቁ? ይሄ የሰው አፍ የሚነጥቅ ነው።»

ሰላም ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል «ምን ያድርግ፣ በሠሪው ወጥቶ ነው» አለች። ኣቦይ ያልሰሙ መሰሉ። ሰምተዋል።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳርም ዋልኩ። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ እያንዳንዷን ፊደል እያየ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ያቺ ብልጭ ድርግም የምትል ዘንግ፣ ከርሰሯ፣ ከሳጥኑ ስትወጣ ብቻ ነው። በማግስቱ ኣቦይ ስሙን እኩሌታ ጻፉና ስልክ አነሱ፤ የደወለውን ሰው ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ ጤና ጠየቁ፤ ሮማናት አደባባይ ድረስ ሄደው ማኪያቶ ጠጥተው ተመለሱ፤ ስሙን ጨረሱ። ፕሮግራሙ ትንፍሽ አላለም። ወደሚቀጥለው ሳጥን ሲሻገሩ ብቻ «የአያት ስም ይቀራል» አላቸው፣ በለሰለሰ ቀለም።

«አሁን ጨዋ ወጣው» አሉ። ከርሰሯ ስትወጣ ነው የሚናገረው ብዬ ምስጢሩን ነገርኳቸው። ጉዳዬ ያለቀ መሰለኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ካፌ ተቀምጬ ለአንጋፋቸው አንዴ ደወልኩ። አላነሱም። ደግሜ ደወልኩ። ምን ብለው ይሆን? መቼም ሰው ነኝ፣ ሠለስኩ።

ወደ ማታ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ መጡና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«እሺ ሊሉን ነበር» አሉ። «ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሚስታቸውን አይተው፣ ‹እንግዲህ ልጃችንን…› ብለው ሲጀምሩ ኪሴ ጮኸ። ዝም አሉ። ደግሞ ሲጀምሩ ጮኸ። በሦስተኛው ‹ማነው?› አሉኝ። ልጁ ነው አልኳቸው። ይኸው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጥረውናል።»

«ሌላ ያሉት ነገር የለም?»

«አንድ ነገር አሉ፤ እኛስ አልገባንም። ‹ለልጁ ከርሰሬ ገና ከሳጥኑ አልወጣችም በሉት› ብለዋል። የሚታመም ነገር ነው እንዴ?»

አይታመምም አልኳቸው። ፕሮግራሙን በአንድ ከሰዓት አርሜዋለሁ። ለእኔ ሳምንት ተሰጥቶኛል።