የሚስቀው ፊት

«እንዴት አደርክ?» ሲባል የምር የተጠየቀ የሚመስለው ሰው ካጋጠማችሁ፣ ለአገሩ እንግዳ መሆኑን እወቁ። የእኛ ሰው ቤቱ የተቃጠለበት ዕለት እንኳ መጀመሪያ «ደህና፣ ተመስገን» ይላችኋል፤ የቃጠሎው ወሬ የሚመጣው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ከተጠያየቃችሁ በኋላ ነው። ውስጡን ለቄስ ይባል የለ? እኛ የደሴ ሆጤ ሰፈር ሰዎች ለሼህም አንነግርም።

እትዬ ዘሃራ ጎረቤቴ ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ሱቁን እሳቸው ወርሰው እስከ አምና አልዘጉትም። ብቸኛ ልጃቸው ሰዒድ ቅድመ አያቱ የመጡበትን ባሕር ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሱቁ ተዘጋ፣ ምግብ ቀረ፣ እንቅልፍ ጠፋ። እኔ ፈራሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሞተ ሰው አውቃለሁና።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላቸው «አበደች ልታስብለኝ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ፣ ጭንቀት ላለበት ሰው የሚሆን የስልክ መተግበሪያ መጣ ሲባል፣ ሰዒድ ትቶላቸው በሄደው ስልክ ላይ ጫንኩላቸው። በየጠዋቱ የአንዲት ሴት ድምፅ «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ ከሚስቅ፣ ዝም ካለና ከሚያለቅስ ፊት አንዱን መንካት ነው። የሚያለቅሰውን ለሚነካ ሰው ባለሙያ ይደውልለታል ተባልን።

እትዬ ዘሃራ በየጠዋቱ ሻሻቸውን ያስተካክሉና «አልሃምዱሊላህ» ብለው የሚስቀውን ይነካሉ።

«የልብዎን ይንገሯት እንጂ» ብላቸው ተቆጡ።

«ወላሂ አታፍርም አንተ ልጅ። እንዴት አደርሽ ላለችኝ ሰው ረቢን ልክሰስላት?»

በስድስተኛው ሳምንት መልእክት መጣ፤ አነበብኩላቸው። ሁኔታዎ በጣም ጥሩ ስለሆነ ክትትልዎ ተጠናቋል፣ እንኳን ደስ አለዎ ይላል። ስልኩን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እሷም ሄደች?» አሉ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እንደገና ልመዝግባቸው ብሞክርም የዳነ ሰው አይመዘገብም ተባልኩ።

አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ። ወደ ኮምቦልቻ ሥራዬ ስወጣ በደጃቸው ቆም ብዬ «እትዬ ዘሃራ፣ እንዴት አደሩ?» እላለሁ።

«አልሃምዱሊላህ» ይላሉ፤ የአምናው ቀሚስ ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ አይቆምም።

እኔም «ተመስገን ነው» እልና ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ እሮጣለሁ። ስልኩ እንኳ ስድስት ሳምንት ታግሷል፤ እኔ አንዲት ደቂቃ አልታገስኩም።