ጀማሉዲን ብቻውን ቧሂትን የወጣ ዕለት

ብቻዬን ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። መሰላሉን ያዙልኝ ሳይል ጣሪያ የሚወጣ፣ መንገድ ከሚጠይቅ መጥፋቱን የሚመርጥ፣ ዕቃ ሊያግዙት ሲጠጉ እንደተዘረፈ የሚጮህ ሰው ለየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቧል። ለጎንደር አዲስ ዓለም የደረሳት ጀማሉዲን ነው፤ ስልሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ጨርቅ ነጋዴ። ሰፈርተኛው ዞር ሲልለት “ክቡር ብቻዬን” ይለዋል።

ሚስቱ ዙህራ ከክቡርነታቸው ጋር ስንቱን አይታለች! አዲሱን ቁም ሳጥን “ሰው አታስቸግሩ!” ብሎ ብቻውን ሲያስገባ በሩ ላይ ወተፈው፤ ቤተሰቡ እስኪመሽ በመስኮት ሲገባ ሲወጣ ዋለ። የታመመ ጥርሱን ራሱ በጉጠት ሲነቅል ደግሞ የወጣው ጤነኛው ሆነ። “እሱም ተራው ደርሶ ነበር” አለ፣ ደሙን እየጠረገ።

ታዲያ አንድ ቀን አማቹ ኡዘይር፣ የዙህራ ወንድም፣ “እንግዲህ እኛ ጉልበታችን አለቀ” ብሎ በብዙ ቁጥር ተናገረ። ጀማሉዲን ብዙ ቁጥር አይወድም።

“እሑድ ቧሂት ጫፍ ላይ ነኝ” አለ። “ብቻዬን። በዚያው ቀን ደርሼ እመለሳለሁ።”

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በዚህ ወቅት የቧሂት ተራራ በረዶና አመዳይ ለብሶ ከሩቅ ሲያዩት ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ጀማሉዲን ደባርቅ አድሮ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከተራራው ሥር ካለው ካምፕ ደረሰ። ቦታው ፓርክ ነውና እዚያ ግን ደንብ ጠበቀው፤ ጠብመንጃ የያዘ የፓርኩ ስካውት ሳያጅበው ማንም አይወጣም። የተመደበለት አስማረ የሚባል እንደ ዘንጋዳ አገዳ ቀጥ ብሎ የረዘመ የደባርቅ ሰው ነው።

“እኔ የምወጣው ብቻዬን ነው” አለ ጀማሉዲን።

“ሸጋ ነው፣ አያ ጀማሉዲን። አንቱ ለራስዎ ይሂዱ፣ እኔም ለራሴ እሄዳለሁ። መንገዳችን ከገጠመ ምን ይደረጋል?”

እንዲያ እየሆነ ወጡ። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ሳሳ፤ የጀማሉዲን ትንፋሽ ከጉሮሮው አልወርድ አለ። ባረፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። አስማረም ራቅ ብሎ ይቆምና ገደሉን ይመለከታል።

“ምነው፣ ደግሞ ተፈታ?”

“ክሩ አዲስ ነው!”

ቀትር ላይ ጉም ወረደ፤ በረዶውም እንደ ሽምብራ ይዘንብ ጀመር። ድንጋዩ ሁሉ አንሸራታች ሆነ። ጀማሉዲን ግን በእጁም በእግሩም እየቧጠጠ ወጣ፤ ጉሙ ገለል ሲልም ጫፉ ላይ የተቆለለው ድንጋይ ታየው። ጠጠር ቢወረውር ይደርሳል።

ወዲያው ከኋላው የድንጋይ መንከባለል ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ።

“አስማረ!”

“ደኅና ነኝ! እርስዎ ይሂዱ፣ ይድረሱ!” አለ የአስማረ የደከመ ድምፅ ከታች።

ጀማሉዲን ቁልሉን አየ። ጉሙን አየ። ሰው “ደኅና ነኝ” ሲል ደኅና አለመሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ በጎንደር የለም። ፊቱን አዙሮ ወረደ።

አስማረ ሁለት ቋጥኝ መሐል ወድቋል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል።

“ይተዉኝ፣ ቀስ ብዬ ብቻዬን እወርዳለሁ” አለ።

“ብቻዬን ብሎ ነገር ምንድን ነው? አንተ እልኸኛ!” ብሎ ጮኸ ጀማሉዲን፤ ከልቡ ተናዶ ነበር።

ጠብመንጃውን በአንዱ ትከሻ አነገተ፣ አስማረን በሌላው ደገፈ። እየተንሸራተቱ፣ አንዳንዴም በመቀመጫቸው እየተሳቡ ወረዱ። ካምፑ ሲቃረብ አስማረ ቆመ።

“አያ ጀማሉዲን፣ ስካውት እንግዳ አወረደ እንጂ እንግዳ ስካውት አወረደ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ደባርቅ መሳቂያ መሆኔ ነው።”

ጀማሉዲን ጠብመንጃውን መለሰለት። ከዚያም እሱ ራሱ ማነከስ ጀመረ። ካምፑ ሲገቡ ማን ማንን እንደደገፈ የለየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጎንደር ቤቱ ሲደርስ ኡዘይር ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

“እህ፣ ደረስክ?”

“አልደረስኩም። ጉልበቴ ከዳኝ። ስካውቱ ደግፎ ባያወርደኝ እዚያው ቀርቼ ነበር።”

ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ኡዘይር አዘጋጅቶት የነበረው ሳቅ ጉሮሮው ላይ ቀረ።

“አባ፣ ወላሂ በል!” አለች ልጁ ሰሚያ።

ጀማሉዲን አንድ ሙሉ ሳምቡሳ አፉ ውስጥ ከተተ። አፉ ሙሉ ስለሆነ መማል አልቻለም።

ማታ ዙህራ ጀርባውን በዘይት ስታሸው ግራ ትከሻው ላይ እጇ ቆመ። አራት ሰማያዊ ምልክት ተሰልፏል።

“የተደገፍከው አንተ ከሆንክ፣ ትከሻህን ጨምድዶ የያዘው ማን ነው?”

“የቦርሳው ማንገቻ ነው።”

“ቦርሳህ ጣት አለው?”

ዙህራ መልሱን አልጠበቀችም፤ ዘይት ጨመረችና ያንን ትከሻ ከሌላው አብልጣ፣ ቀስ ብላ አሸችለት።