ጥጥን በጠብታ ያበቀለው ጎረቤቴ

ውሃ ሲደፋ ደሙ የፈሰሰ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ መጋላ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ነበር። ዩሱፍ ይባላል፤ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጣ። እሱ ቤት ፊቱን የታጠበ እንግዳ እንደ ወንጀለኛ ነበር የሚታየው።

ይህ ሰው በዚያ ሐሩር ጓሮው ውስጥ ጥጥ ዘራ። በርሜል ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ የላስቲክ ቱቦ በመርፌ እየበሳ ከየችግኙ ሥር ዘረጋ፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ፀሐይ አፈሩን እንዳታደርቀው ደግሞ ሰፈሩ ቅሞ የጣለውን የጫት ገራባ ሰብስቦ አለበሰው። ጫት ቃሚ ለአገር ልማት ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቦኖ ላይ ተሰልፈው የሚውሉት ሴቶች ግን "እኛ የምንጠጣው አጥተን እሱ ጥጥ ያጠጣል" ብለው ከሰሱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ቱቦውን ሊነቅል መጣ።

"ጓድ፣ ይህን ስኒ ከጠብታው ሥር ላስቀምጠው" አለው ዩሱፍ። "ሻይዎን ሳይጨርሱ ከሞላ፣ እኔው እነቅለዋለሁ።"

ሊቀመንበሩ ሻይ ጠጣ፣ ደገመ፣ ምሳም በላ። ስኒው ግማሽ አልደረሰም። በመጨረሻ ሚስቱ ልትፈልገው መጣች። ስኒውን አየች፣ ባሏን አየች።

"አቦ፣ አንተ ጠዋት ስትታጠብ የምትደፋው ይህን ጥጥ ሳምንት ያጠጣዋል" አለችው።

ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀ፤ ክሱም እዚያው ቀረ።

ጥጡ ሲፈነዳ ጓሮው ነጭ ሆነ። ከሳሾቹ እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፤ ዩሱፍም ለእያንዳንዳቸው እቅፍ ሙሉ እንዲለቅሙ ፈቀደ። አንዷ "እጄ ቆሽሿል፣ መታጠቢያ ውሃ አለ?" ብትለው ፈገግ አለ።

"ሞልቷል፤ ብቻ ጥጡ ሥር ቁጭ ብለሽ ታጠቢ።"