የስቲልማን ሐይቅ መንገድ ሹም

በረዶ በሚጥልበት አገር ሁሉ ማንም ሳይሾመው ራሱን በመንገድ ላይ የሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ግን እሱ ሳያየው ያለፈ ሰው ሁሉ ድንበር የጣሰ ይመስለዋል። በአሜሪካ፣ በላይኛው ሚቺጋን፣ ካርልሰን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ይህ ሰው ክቡር ሚስተር ሬይኖ ካንጋስ ነበሩ።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ እንጨት ቆራጭ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ናቸው። ከካፖርታቸው በላይ ብርቱካንማ ሰደርያ ደርበው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ አሮጌ የበረዶ ሞተራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ክረምቱን ሙሉ ጫካ ለጫካ ይዞራሉ። የበረዶ ሞተር ከሩቅ የሚሰማ ነገር ነው። የእሳቸው ግን አይሰማም። ጥዶቹ መሃል አስገብተው ያጠፉትና እንደ ጉቶ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። መንገደኛው የራሱን ትንፋሽ ብቻ እያዳመጠ ሲሄድ፣ ከነጩ ውስጥ አንድ ብርቱካንማ ነገር ብድግ ይላል። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦

"መንገዱ ይሰማዋል!"

ዳርሲ ቦሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘቻቸው እንዲሁ ነው። ዳርሲ ጠዋት ጠዋት በከተማዋ ዳቦ ቤት ሥጋና ድንች የተሞላ ቂጣ ትጋግራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎማው የሰው ጭን የሚያክል ብስክሌቷን ይዛ በረዶው ላይ ትወጣለች። በዚያን ቀን ጮኻ፣ ከነብስክሌቷ የበረዶ ክምር ውስጥ ገባች።

"ምን... ምንድን ነው የሚሰማው?" አለች ከክምሩ ውስጥ።

"ሕመም ነዋ!" ክቡርነታቸው ሊያነሷት እንኳን አልሞከሩም። ጎንበስ ብለው ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ይሄ ጎማ ነው ወይስ ድንጋይ? አየር ቀንሺለት! እኛ ስንደለድል እናንተ ታርሱታላችሁ።"

"ይቅርታ፣ እርስዎ የማን ተወካይ ነዎት?"

"የመንገዱ።" ዞረው ኋላዋን አዩና ፊታቸው ጠቆረ። "መብራትሽስ? ቀይ መብራት ከኋላሽ ከሌለ ለሞተረኛ የለሽም። ገባሽ? በሕይወት እያለሽ የለሽም ማለት ነው።"

ከፍርሃት ይሁን ከንዴት ባይታወቅም፣ ዳርሲ በማግሥቱ ኮርቻዋ ሥር ቀይ መብራት አሰረች።

ሞተረኞቹስ ወገናችን ናቸው ብለው ይኮሩባቸው ነበር? በጭራሽ። ክቡርነታቸው ኩርባ ላይ መሃል መንገድ ቆመው መዳፋቸውን ሲያነሱ፣ ከስቲልማን ሐይቅ ዳር የሚኖረው ግዙፉ ለሮይ ፒካርድ ስንት ጊዜ ፍሬን ይዞ ዛፍ ሊመታ ደርሷል።

"አንቱ ሽማግሌ፣ ዞር በሉልኝ!"

"ዞር የሚለው ፍጥነትህ ነው፣ አንተ ቅል! ከኩርባው ወዲያ ብስክሌተኛ ቢኖርስ?"

"አለ እንዴ?"

"የለም። ግን ሊኖር ይችላል!"

አንድ ጊዜ ብስክሌተኞቹና ሞተረኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበው፣ መንገዱን በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚጋሩ ሊነጋገሩ ሞከሩ። አንደኛው ወገን "ጫጫታችሁ!" ይላል፤ ሌላኛው "የጎማችሁ ቦይ!" ይላል። ክቡርነታቸው ተነሥተው መናገር ጀመሩ፤ ተናገሩም። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተስማሙ፦ ስብሰባው ይዘጋ ብለው።

ዳርሲ በበኩሏ መፍትሔ አግኝታ ነበር። ብርቱካንማ ነገር ከሩቅ ካየች መንገድ ትቀይራለች። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በችካል የተመለከተው መንገድ ግን መቀየሪያ የለውም። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሽማግሌው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አይጮኹም። "ችካሉን አትልቀቂ፤ ሐይቁ ድምፅ ይበላል" ይሏትና፣ አንድ የሚያውቁት ሰው እዚያ ማዶ የቆመ ይመስል ነጩን ሜዳ ትክ ብለው ያዩታል።

በየካቲት መጨረሻ ላይ ብርዱ ድንገት ለቀቅ ያደረገበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከበረዶው ጉም ይነሣ ጀመር። ዳርሲ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ጥዶቹ ከወገባቸው በላይ የሉም። የሚሰማት የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሐይቁ ከሥሯ እንደ ታመመ ከብት ረጅም አድርጎ ያቃስታል።

ከዚያ የሞተር ድምፅ ሰማች። አይቀርብም፤ አይርቅም። አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል።

ችካሎቹን ተከትላ ስትጠጋ የሚስተር ሬይኖን ሞተር አገኘችው። መብራቱ በርቷል፤ ሄልሜቱ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። ሰውየው የሉም።

"ሚስተር ሬይኖ?"

ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው። የቦት ጫማ ዱካ ከችካሉ ወጥቶ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት ያመራል። እዚያ በረዶው ስስ መሆኑን የካርልሰን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከቦት ጫማው ሌላ ዱካ አልነበረም፤ የጎማም፣ የእንስሳም።

ከዚያ ድምፃቸውን ሰማች። ይቆጣሉ።

"ተመለሺ! መንገዱ በቀኝሽ ነው! በቀኝሽ አልኩሽ፣ አንቺ ደንቆሮ!"

መጀመሪያ እፎይ አለች፤ ክቡርነታቸው ከተቆጡ ደኅና ናቸው ማለት ነው። ቀጥሎ ግን ማንን ነው የሚቆጡት የሚል ሐሳብ መጣባት።

ብስክሌቷን እየገፋች በዱካው ገባች። የበረዶው ወለል ከእግሯ ሥር ትንሽ ረገብ ይላል። ብርቱካንማው ሰደርያ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል።

"እዚህ ምን ያደርጋሉ? ኧረ ይመለሱ!"

ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አነሡ። "ዝም በይ። ያቺ የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት፤ ዳርሲ። ችካሉን ስታ ወደ ወንዙ እየሄደች ነው። ብጣራ ብጣራ አትሰማኝም።"

ዳርሲ እሳቸው ወደሚያዩበት አየች። ከጉሙ ውስጥ፣ በብስክሌት ኮርቻ ከፍታ ላይ፣ አንዲት ቀይ መብራት ትታያለች። ደክሞት እንደሚነዳ ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዘነበለች ቀስ ብላ ትርቃለች።

"ሚስተር ሬይኖ" አለች። "ዳርሲ እኮ እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ዞሩ። አዩዋት፤ ብስክሌቷን አዩ፤ ኮርቻዋ ሥር የምታበራውን መብራት አዩ። የፊታቸውን ቀለም ጉሙ የወሰደው መሰለ። ሁለቱም እኩል ወደ ማዶ ዞረው አዩ። ቀይዋ መብራት ቆማለች። የምታዳምጥ ትመስል ነበር።

"እንግዲያ ያ ማነው?" አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

በረዶው መለሰላቸው። እንደ ሸክላ ድስት ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀና ክቡርነታቸው እስከ ደረታቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ጥቁሩ ውኃ ድምፅ እንኳን አላሰማም።

ዳርሲ ወዲያው በሆዷ ተኛች። ብስክሌቷን በጎኑ አጋድማ ወደ ስንጥቁ ገፋችው።

"ጎማውን ይያዙ! ጎማውን!"

በሁለት እጃቸው አቀፉት። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ዓይናቸው እየፈጠጠ፣ አውራ ጣታቸው ግን የለመደውን አደረገ፤ ጎማውን ጫን አለ።

"አሁንም... አየሩ... በዝቷል።"

"ዝም ብለው ይውጡ!"

የቦት ጫማዋን ጫፍ በረዶው ላይ ቸክላ ወደ ኋላ ሳበች። ወለሉ አንዴ ተሸረፈ፣ ደግሞ ተሸረፈ፣ ከዚያ ግን ቻለ። ሽማግሌው ከወንዝ እንደሚጎተት ግንድ ተጎትተው ወጡ። ብስክሌቷን እዚያው ጥላ፣ እየደገፈችና እየገፋች ሞተራቸው ዘንድ አደረሰቻቸው። የበረዶ ሞተር ነድታ አታውቅም። እሳቸው ከኋላዋ ተጣብቀው እየተንቀጠቀጡ "ቀስ! ኩርባው ላይ ቀስ!" ይሏታል፤ እሷ አልሰማችም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ጉም ብቻ ነበር።

ቅርቡ ቤት የለሮይ ፒካርድ ነበር። ለሮይ በሩን ከፍቶ ጠላቱን ሲያይ ሮጦ ወጣ። እንደ ሕፃን አቅፎ አስገብቶ፣ ልብሳቸውን ገፎ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ከመረባቸው። ቀጥሎም የነፍስ አድን ሰዎችን ጠራ።

ጉሙ ሲገለጥ ሐይቁን ዳር እስከ ዳር ፈተሹት። የሽማግሌውን ዱካ፣ የዳርሲን ዱካ፣ ብስክሌቷንና የተሰበረውን ቦታ አገኙ። ከዚያ ወዲያ በረዶው እንደተነጠፈ አንሶላ ምንም አልነካውም። በካርልሰንም ሆነ በአጎራባች መንደሮች የጠፋ ሰው አልነበረም።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ማብራሪያ አመጣ። ለሮይ "የራሳቸው ሞተር መብራት ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ነው" አለ። ሌላው የዓሣ አጥማጅ ፋኖስ ነው አለ። ሚስተር ሬይኖ ጥግ ላይ ቂጣቸውን ይዘው ተቀምጠው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት ሳይሰጡ ቀሩ። ዳርሲን ከሁሉም ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ክቡርነታቸው ከጫካው ይጠፉ ጀመር። ብስክሌተኛው መንገዱን እያረሰ ቢያልፍ፣ ሞተረኛው ቢበር፣ የሚቆጣ የለም። ዳርሲ ነፃነቱን ለጥቂት ጊዜ ወደደችው፤ ቀጥሎ ግን መንገዱ ባዶ ሆነባት። አንድ ከሰዓት በኋላ ልትፈልጋቸው ወጣች።

ሐይቁ ዳር ነበሩ። ሞተራቸውን ጠንካራው መሬት ላይ አቁመው፣ የፊት መብራቱን ወደ ጉሙ አዙረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"መንገዱ ወዴት እንደሆነ ይየው ብዬ ነው።"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ሚስተር ሬይኖ፣ ሰው ባይሆንስ?"

ተቆጥተው አዩዋት፤ የጥንቱ ቁጣቸው ነበር፤ ዳርሲ ሳታስበው ደስ አላት። "መንገድ የጠፋበትን መጀመሪያ ማነህ ነው እንዴ የምትይው? መጀመሪያ ይምጣና ከዚያ እንጠይቀዋለን።"

ዳርሲ አጠገባቸው ቆመች። ጉሙ ከፊታቸው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ሐይቁ ያቃስታል። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ግን መሄድ አልፈለገችም። ብስክሌቷን ከሞተሩ ጎን አቆመችና የፊት መብራቷን አብርታ ወደዚያው አዞረችው።

"ዝቅ አድርጊው እንጂ!" አሉ ሽማግሌው። "ዓይኑን ትወጊዋለሽ።"

ዝቅ አደረገችው።