የአያታችን ቁልፍና አራት ሎሚ

[ትሪሹር፣ ኬረላ፣ ሕንድ። የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ። የብረት ዘንጎች በጠባቡ ተደርድረዋል፤ ተፈታኙ አንዱንም ሳይነካ በመካከላቸው ወደ ፊትም ወደ ኋላም መንዳት አለበት። የአጎትና የአጎት ልጆች ሱሜሽና ራጂል፣ ሁለቱም አሥራ ስምንት የሞላቸው፣ ከማሠልጠኛው መኪና አጠገብ ይጨቃጨቃሉ።]

ሱሜሽ፦ የገድ ሎሚ በአራቱም ጎማ ሥር ነው የሚደረገው ስልህ! መኪናው ሲነሣ ሲጨፈልቀው ነው ገድ የሚሆነው።

ራጂል፦ ሎሚው ሦስት ነው።

ሱሜሽ፦ ጠዋት አራት አልነበረም?

ራጂል፦ ጠማኝ።

ሱሜሽ፦ የገዳችንን ሎሚ ጨምቀህ ጠጣኸው?

ራጂል፦ በጨው።

ሱሜሽ፦ አቤት ጉድ! በል ሁለቱን ከፊት ጎማዎች ሥር አድርግ። አያታችን ያሉትን ረሳኸው? «ዛሬ ያለፈ የመኪናዬን ቁልፍ ይወስዳል። የወደቀ እሑድ እሑድ ከገበያ ስንመለስ ከኋላ ተቀምጦ የዓሣውን ቅርጫት ያቅፋል።»

ራጂል፦ ሁለታችንም ብናልፍስ?

ሱሜሽ፦ አንተ? [ሆዱን ይዞ ይስቃል] እስቲ ንገረኝ፤ ወደ ኋላ ስትሄድ መሪውን መቼ ነው የምትጠመዝዘው?

ራጂል፦ ዘንጉ ሲቀርበኝ።

ሱሜሽ፦ ድንጋይ ራስ! አሠልጣኛችን ስንቴ ነገረን? ከኋላ መስታወቱ ላይ ቢጫ ተለጣፊ አለ። ሦስተኛው ዘንግ ከተለጣፊው ጋር ሲገጥም፣ መሪውን ሙሉ ወደ ግራ! በቃ። ሌላ ነገር ማየት አያስፈልግም።

ራጂል፦ እኔ ተለጣፊው ገብቶኝ አያውቅም። ዘንጉን አያለሁ፣ እሸሸዋለሁ።

ሱሜሽ፦ የሚዋጋ በሬ ነው እንዴ? አንተ ዓሣ ማቀፍ ተለማመድ። ይልቅ መኪናውን እንዳዘዝኩህ አጠብከው?

ራጂል፦ ነጥብ ቆሻሻ አልተውኩም። የማይለቀውን በጥፍሬ ፋቅሁት።

ሱሜሽ፦ ለዚህ እንኳ ትሆናለህ! የሦስት ወር ታላቅህ እንዴት እንደሚነዳ ቆመህ ተማር።

[ይገባል። ሎሚዎቹ ይፈርጣሉ። ወደ ፊት በኩራት ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲጀምር መኪናው ይቆማል።]

ሱሜሽ፦ [አንገቱን በመስኮት አውጥቶ] ራጂል! ተለጣፊው የታለ?

ራጂል፦ የቱ?

ሱሜሽ፦ ቢጫው!

ራጂል፦ እሱ ነበር እንዴ? ጥፍሬን እኮ ነው የሰበረኝ!

[ኳ! ትንሽ ቆይቶ፦ ኳ! ኳ! ፈታኙ በፉጨት ያስወርደዋል። ራጂል ይገባል፤ አንገቱን እያዞረ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ቀስ እያለ ይነዳል። አንድም ዘንግ አልተነካም። ወርዶ ይመጣል።]

ሱሜሽ፦ ያለ ተለጣፊ? እንዴት አድርገህ?

ራጂል፦ አልኩህ እኮ፣ ሸሸሁት። [ከኪሱ ሦስተኛውን ሎሚ አውጥቶ ይሰጠዋል] እንካ ወንድምዓለም፣ ያዘው።

ሱሜሽ፦ አሁን ደግሞ ሎሚ ምን ያደርግልኛል?

ራጂል፦ ለዓሣው።